በከባድ ብርድ አገር መጸዳጃ ቤት ሲነደፍ የጉድጓዱ ልክ እንዴት ይሰላል?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት።

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የምህንድስና አማካሪ ቢሮ ውስጥ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የነደፍኳቸው የጉድጓድ መጸዳጃ ቤቶች ሁሉ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ አፈርና አየር የታሰቡ ናቸው። በቅርቡ ግን ከውጭ አገር አጋሮቻችን ጋር በምንሠራው ሥራ፣ በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ዳርቻ ለሚገኙ ሰፈሮች የተዘጋጀ ንድፍ እንድገመግም ተመደብኩ። ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእነዚህ ሰፈሮች፣ በአጥር በተከለለ ግቢ ውስጥ፣ በጌር ማለትም ከበግ ሱፍ በተሠራ ወፍራም ምንጣፍ መሰል ልብስ በተሸፈነ ክብ ድንኳን ወይም በአነስተኛ ቤት ይኖራል፤ ውኃውን ከቦኖ ይቀዳል፤ መጸዳጃውም ብዙውን ጊዜ ግቢው ጥግ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። እስከዚህ ድረስ ከእኛ የቆዩ ሰፈሮች ብዙም አይርቅም። የሚለየው ብርዱ ነው፤ በጥር ወር አማካዩ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ያልፋል።

የጉድጓዱን ልክ የማወጣው በለመድነው ስሌት፣ ለአንድ ሰው በዓመት ከ40 እስከ 60 ሊትር ዝቃጭ በመያዝ ነው። ይህ ቁጥር እዚያም ይሠራል ወይ? ከዚህ ሌላ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ብርዱ ተሕዋስያኑን ስለሚገድል የጤናው ጉዳይ ከእኛ አገር ይልቅ ይቀላል» ይላሉ፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። በዚህ ላይ ዕውቀቱ ያላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ (የሳኒቴሽን መሐንዲስ፣ ከካዛንቺስ)

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ የነገሩ ሥር ነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚለው ቁጥር የሚያገለግለው ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ነገሮች ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ ሲከናወኑ ነው፤ ፈሳሹ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፣ ጠጣሩም በባክቴሪያ እየተበላ መጠኑ ይቀንሳል። መሬቱ በውርጭ ሲጠጥር ሁለቱም ይቆማሉ። በኡላንባታር ውርጩ ወደ መሬት እስከ 3 ሜትር ገደማ ስለሚዘልቅ፣ በእኛ ልማድ የተቆፈረ ጉድጓድ በብርዱ ወራት ከአፉ እስከ ወለሉ በረዶ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ይሆናል እንጂ ጉድጓድ መሆኑ ይቀራል። የገባው ሁሉ እንደገባ ይቆያል።

ስለዚህ መሰላት ያለበት ዝቃጩ ሳይሆን ከሰው የሚወጣው ሁሉ ነው። አንድ ሰው በዓመት ወደ 500 ሊትር ሽንትና ወደ 50 ሊትር ዓይነ ምድር ያስወግዳል ተብሎ ይገመታል። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ በሰባት የብርድ ወራት 1,460 ሊትር ያህል ሽንትና 146 ሊትር ያህል ዓይነ ምድር ያጠራቅማል ማለት ነው፤ በድምሩ ከ1,600 ሊትር በላይ። በለመድነው ስሌት ግን፣ 60 ሊትሩን እንኳ ብንይዝ፣ ለዚያው ቤተሰብና ለዚያው ጊዜ የምንተወው ቦታ 175 ሊትር ብቻ ነው። ልዩነቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። የሚገመግሙት ንድፍ ይህንን ካላካተተ፣ ሌላው ዝርዝር ምንም ያህል ቢያምር ገና የብርዱ ወራት ሳይጋመሱ ጉድጓዱ ይሞላል።

ሌላም ነገር አለ። የሚወድቀው ሳይዘረጋ በወደቀበት ስለሚረጋ፣ ከቀዳዳው ሥር እንደ ኩይሳ ሽቅብ ያድጋል። የጉድጓዱ ዳርና ዳር ባዶ ሆኖ ሳለ ጫፉ ወለሉ ድረስ ይደርስና ቤተሰቡ በብረት ዘንግ እየወጋ ማፍረስ ይኖርበታል። ከተሰላው መጠን ውስጥ በተግባር የሚያገለግለው ከፊሉ ብቻ መሆኑን አይርሱ።

አሁን ቁጥሮቹን መልሰው ይመልከቱ፤ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ሽንት ነው። በእኔ አስተያየት በከባድ ብርድ አገር ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለይ መጸዳጃ ከሌሎች አማራጮች አንዱ ሆኖ መቅረብ የለበትም፤ የንድፉ መነሻ መሆን አለበት። ሽንቱ ሲለይ የቀረው 146 ሊትር ነው፤ አመድና ሰጋቱራ ቢጨመርበትም በጥቂት በርሜሎች ይያዛል፣ ሽታውም ስለሚቀንስ መጸዳጃውን ከግቢው ጥግ አንሥቶ ከቤቱ መግቢያ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ዋናው ትርፍ እዚህ ላይ ነው፤ ምድጃው ቤቱን ሲያሞቅ ከግድግዳው የሚያልፈው ሙቀት መጸዳጃውን ከውርጭ ይጠብቃል፣ ተጨማሪ ነዳጅም አይጠይቅም።

የሽንቱ መስመር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽንት ከዜሮ ትንሽ ወረድ ሲል ይረጋል፤ ቀጭንና ረጅም ቱቦ ከሆነ በግድግዳው ላይ ጠብታ በጠብታ በረዶ እየጋገረ በጥቂት ቀናት ይደፈናል። ቱቦው ሰፊ፣ አጭርና መታጠፊያ የሌለው ሆኖ ቀጥታ ወደ መያዣው መውረድ አለበት። ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር መያዣውን እስከ አፉ አለመሙላት ነው። ዕቃው ፖሊኤቲሊን ከተባለው ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፤ እኛ የለመድነው ፒቪሲ በብርድ ይሰባበራል።

በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች አሉ። በሂማላያ ተራሮች በላዳክ ነባሩ መጸዳጃ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ላይኛው ክፍል ላይ ክምር አፈርና አካፋ ይቀመጣል፣ የተጠቀመ ሰው አፈርና አመድ ይጨምርበታል፣ ታችኛው ክፍል ደግሞ ሞቃቱ ወቅት ሲገባ በውጭ በር ተከፍቶ ይጸዳና ወደ እርሻ ይወሰዳል። ውኃ ስለሌለበት የሚሰነጠቅ ቱቦ የለውም። በአላስካ ሰሜን ጫፍ በኡትክያግቪክ ከተማ ግን የውኃና የፍሳሽ ቱቦዎችን ከመሬት በታች በሞቀ የእንጨት መተላለፊያ ውስጥ አሳልፈዋል፤ የነዳጅ ሀብት ላለው አካባቢ የሚሆን እንጂ ለጌር ሰፈር የሚመከር አይመስለኝም።

መልስ (የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፣ ከልደታ)

ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ባልደረቦችዎን አይስሟቸው። በላቦራቶሪ ቫይረስን ለዓመታት ማቆየት ስንፈልግ የምናስገባው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ብርድ ከባክቴሪያዎቹ የተወሰኑትን ይቀንሳል፤ ቫይረሶችን ግን ጠብቆ ያቆያል፣ የወስፋት እንቁላልም ብርዱን ተቋቁሞ ይሰነብታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ዓይነ ምድር ያለ ሌላ ማከሚያ በማቆየት ብቻ እንዲታከም ከተፈለገ፣ ሙቀቱ ከ2 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ቦታ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት፣ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ በሆነ ቦታ ደግሞ ከ1 ዓመት በላይ እንዲቆይ ይመክራል። ከ2 ዲግሪ በታች ለሆነ ቦታ የተሰጠ ጊዜ አለመኖሩን ልብ ይበሉ። ስለዚህ በረዶ ሆኖ ያለፈበትን ወር ከቆይታው ውስጥ አልቆጥረውም። በኡላንባታር ሁኔታ ሁለት ሙሉ ዓመት ያለፈው በርሜል በትክክል የታከመበት ጊዜ ከአንድ ዓመት ብዙም ላይበልጥ ይችላል።

አደጋው የሚጎላው በረዶው በሚቀልጥበት ሰሞን ነው። ለወራት የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይፈታል፣ ከሥር ያለው መሬት ግን ገና ስላልለቀቀ ፈሳሹ ወደ ታች መስረግ አቅቶት ወደ ጎን ይፈሳል፤ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢም ይበከላል። ንድፉን ሲገመግሙ የሚያዝያን መጀመሪያ በዓይነ ህሊናዎ ይመልከቱ።

ስለ አመዱም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የምናውቀው የእንጨት አመድ ኃይለኛ አልካላይን በመሆኑ ተሕዋስያኑን ለማዳከም ያግዛል። በኡላንባታር የሚነደው ግን በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል የተዘጋጀ ነዳጅ ነው፤ አመዱ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሽታ ይሸፍናል፣ እንደ እንጨት አመድ ያክማል ብሎ መተማመን ግን አይገባም። ኖራ መጨመር የተሻለ ነው።

እጅ መታጠቢያውም ውጭ ከተሰቀለ በመጀመሪያው የውርጭ ሌሊት ያበቃለታል፤ ቦታው ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ነው።

ጠያቂው (ከአራት ኪሎ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዘጠኝ እጥፉን ስሌት በገዛ እጄ ደግሜ ሠርቼ አረጋግጫለሁ፤ ንድፉ ሽንትን ስለማይለይ ይህንኑ በመጀመሪያው አስተያየቴ አስፍሬዋለሁ። ሁለት ነገር ይቀረኛል፤ ንድፉ ላይ ያለው የኮንክሪት ወለል ውርጭ ያነሣዋል ይባላል፣ እንዴት ነው የሚከላከሉት? የተጠራቀመውስ መቼና በምን ይነሣል?

መልስ (የግንባታ ባለሙያ፣ ከፒያሳ)

ለትምህርት ሰሜን ኖርዌይ በቆየሁበት ጊዜ ካየሁት ልናገር። መሬቱን የሚያነሣው ውርጩ ብቻውን አይደለም፤ ውኃ የሚይዝ ደቃቅ አፈር ሲኖር ነው። ደቃቁ አፈር ከታች ውኃ ወደ ላይ ይስባል፣ ውኃው በንብርብር እየረጋ ያብጣል፣ ከወለሉና ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆም ሽቅብ ይጎትታቸዋል። መከላከያው ደቃቁን አፈር አውጥቶ በዙሪያውና ከወለሉ ሥር ውኃ የማይይዝ ጠጠር መሙላት፣ የዝናብና የቅላጭ ውኃም እንዳይጠራቀም ማፋሰስ ነው። በተቻለ መጠን ግን አለመቆፈሩ ይሻላል፤ በጠጠር መደብ ላይ የተቀመጠ የእንጨት መዋቅር ቢንቀሳቀስ እንኳ ይስተካከላል፣ የተሰነጠቀ ኮንክሪት ግን አይመለስም። ኮንክሪት የግድ ከሆነ በሞቃቱ ወራት ይሞላ፤ ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ጥንካሬው ለዘለቄታው ይጎዳል።

በሩሲያ ሳይቤሪያ በምትገኘው በያኩትስክ ከተማ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ከሥር ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ፣ የቤቱ ሙቀት እንዳያቀልጠውና ቤቱ እንዳይሰምጥ ሕንፃዎቹን በምሰሶ ላይ ከፍ ያደርጓቸዋል። ስለዚህ ንድፉ የሚሄድበት ቦታ ከሥሩ የማይቀልጥ አፈር እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ በኡላንባታር አንዳንዱ ስፍራ ላይ አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም።

መቀመጫውን ቸል አይበሉ። በኖርዌይ የገጠር መጸዳጃዎች መቀመጫው ከነጭ ፎም የተቆረጠ ነው፤ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ዓይነት ማለት ነው። ከሰውነት ሙቀት ስለማይወስድ ወዲያው ይሞቃል። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መቀመጫ ላይ በዚያ ብርድ አንዲት ነፍሰ ጡር ወይም አንድ አዛውንት ይቀመጣሉ ብሎ መጠበቅ ጭካኔ ነው፤ ሰው ካልተቀመጠበት ደግሞ መጸዳጃው አልተሠራም።

መልስ (የሳኒቴሽን መሐንዲስ፣ ከካዛንቺስ)

በግንባታው ላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ስለ ማንሣቱ፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና የረጋን ነገር መምጠጥ አይችልም፤ ስለዚህ የብርዱ ወራት ሲገቡ መያዣው ባዶ ሆኖ መጀመር አለበት። በኡላንባታር የቤት ማሞቂያው ወቅት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 15 እስከ ግንቦት 15 ተብሎ የተወሰነ ነው፤ ይህንኑ እንደ መለኪያ ወስደው አንደኛው ማንሣት በሞቃቱ ወራት መጨረሻ፣ ከነሐሴ ሳያልፍ እንዲሆን በውሉ ውስጥ ያስገቡ። መያዣውም ሁለት ክፍል ይሁን፤ አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ የጤና ባለሙያዋ ያሉትን ጊዜ ይቆያል፣ ሌላው ያገለግላል።

ብርዱ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። ዝቃጭ በስስ ንብርብር በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ውኃው ከጠጣሩ ይለያል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ዝቃጭ የሚወሰድበት ማከሚያ ቦታ ካለ፣ በብርዱ ወራት በሰፊ መደብ ላይ በየተራ እያፈሰሱ እንዲረጋ በማድረግ ያለ ኤሌክትሪክ ውኃውን ማውጣት ይቻላል። ዝቃጩን ያደርቀዋል እንጂ ከተሕዋስያን አያጸዳውም። ንድፉን ሙሉውን እዚህ ቢለጥፉልን ልኮቹን አብረን እናያቸዋለን።