የዕቅድ ውይይት፦ ከደዶ ደጋ እስከ ጊቤ ዳር፣ የከብትና የዱር እንስሳት ትል ክትትል

ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የጋራ ፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። የጎደለውን ሙሉ፣ የማያስኬደውን ሰርዙ።

ሐሳቡ ይህ ነው። የውስጥ ጥገኛ ትል በየትኛው ወር፣ በየትኛው ከፍታ ላይ ከብቱንና በጉን እንደሚይዝ እንከታተል። ደን ዳር ያለው ድኩላም ያንኑ ትል ይጋራ እንደሆነ እንይ። ጅማ ዞን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከቆላው የጊቤ ሸለቆ ተነስቶ ብርድ እስከሚያንቀጠቅጥ የደዶ ደጋ ድረስ ሁሉም አለው።

መነሻ ያደረግኩት የቀዝቃዛ አገሮችን ልምድ ነው። በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ መስክኦክስ የሚባል ፀጉራም የዱር እንስሳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሳንባው ውስጥ ቀድሞ የማይታወቅ ትል ተገኘ። የትሉ እጭ የሚያድገው ዛጎል በሌለው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በጋው አጭርና ቀዝቃዛ ስለነበር እጩ ለማደግ ሁለት ዓመት ይፈጅበት ነበር። አካባቢው ሲሞቅ ወደ አንድ ዓመት ማጠሩን ተመራማሪዎች አሳዩ። በ2008 ደግሞ ትሉ ቀድሞ ወዳልታየበት ቪክቶሪያ ደሴት ተሻግሮ ተገኘ። በፊንላንድም ከ2003 ጀምሮ በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሬንዲር መንጋዎችን አጠቃ። ሬንዲር ሰዎች የሚያረቡት የዋልታ አጋዘን ነው። በሽታው ከደቡብ ተነስቶ ወደ ሰሜን ተስፋፋ። በጋው ሞቅ ሲል ትሉ ትንኟ ውስጥ ቶሎ ያድጋል።

የእኛ ደጋ ላይስ ምን እየሆነ ነው? ጥያቄያችን ይህ ይሁን እላለሁ።

አባል፣ የእንስሳት ሐኪም

ጥያቄው ደስ ብሎኛል፤ በርታ ወንድሜ። አንድ ነገር ግን ይስተካከል። የዋልታውን ታሪክ እንዳለ ወደ ደዶ አናምጣው። እዚያ ትሉን የሚያስረው ረጅሙ የበረዶ ወቅት ነው። እኛ ጋ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱም ይወስናል። የጉበት ትልን ውሰዱ። እንቁላሉ ከ10 ዲግሪ በታች አያድግም። ሙቀቱ ቢኖርም ቀንድ አውጣው የሚኖርበት ረግረግ ከሌለ ዑደቱ ይቆማል። አገራችን ውስጥ የጉበት ትል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ደጋ ይወዳል፣ ሌላው ቆላ። ጅማ ዞን ሁለቱ የሚገናኙበት ከፍታ ስላለው የትኛው የት ድረስ እንደሚወጣ መመዝገብ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

ደግሞ «ብርድ ትል ይገድላል» የሚለው እምነት ረቂቁ ውስጥ እንዳይገባ። ስቫልባርድ በሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ሬንዲሮችን በክረምት የሚይዝ የጨጓራ ትል አለ፤ በበረዶው መሃል። እዚያው የተሠራ ጥናት ከልቤ አይጠፋም። የትል መድኃኒት የተሰጣቸው እንስቶች ካልተሰጣቸው የበለጠ ወለዱ። አስቡት፣ ትሉ የገደለው እንስሳ የለም። ግልገሉ ግን ሳይወለድ ቀረ። እኛም የምንቆጥረው የሞተውን ብቻ ከሆነ ዋናውን ጉዳት አናየውም።

አባል፣ ከደዶ

ልጆቼ፣ ያነሳችሁት የኛን ችግር ነው፤ አላህ ይስጥልን። እኔ አርቢ ነኝ፤ የማየውን ልንገራችሁ። ዝናቡ ሲያቆም በጎቹ መሳል ይጀምራሉ። አንዳንዱ መንጋጋው ሥር ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ፀጉሩ ይቆማል። በጋ ሲገባ ዳገቱ ላይ ሣር የለም፣ ሁላችንም ወደ ጨፌው እንወርዳለን። ከላይ የመጣው፣ ከታች የመጣው አንድ ላይ ይግጣል። ድኩላውም ሌሊት እዚያው ይወርዳል። ዶክተር የሚለው ረግረግ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይጻፍልኝ። ሰው መጥቶ እበት ሰብስቦ ይሄዳል፣ ከዚያ ወሬው የለም። ሰዉ ተሰላችቷል። ውጤቱ ተመልሶ የማይነገረን ከሆነ ማንም በጉን አይዝላችሁም።

ገንዘብ ያዥ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ታዲያ ገንዘቡን ለምን መድኃኒት አንገዛበትም? አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን ገዝተን በሁሉም ቀበሌ መንጋውን በሙሉ ብንሰጥ ሰዉም ወዲያው ይጠቀማል።

አባል፣ የእንስሳት ሐኪም

እህቴ፣ ይህን በጣም እቃወማለሁ። መንጋውን በሙሉ በአንድ ቀን ካከምን የሚተርፈው መድኃኒቱን የቻለ ትል ብቻ ነው። ቀጣዩን ትውልድ የሚፈለፍለው እሱ ይሆናል። ሳይታከሙ የሚቀሩ ጠንካራ እንስሳት ሲኖሩ መድኃኒት የማይችለው ትልም ይተርፋል፣ ዘሩም ይቀላቀላል፣ መድኃኒቱም ረጅም ጊዜ ይሠራል። ከዚያ በላይ ደግሞ አልቤንዳዞል ገና ያላደገውን የጉበት ትል አይነካም። ከብቱ ጨፌ በወረደ ማግስት ብንሰጥ ገንዘቡን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። መቼ እንደሚሰጥ ለማወቅ ነው ክትትሉ የሚያስፈልገው።

ይልቅ በምርመራ ትል የተገኘበትና የደከመ እንስሳ በነፃ ይታከም። የጋሼም ጥያቄ ይመለሳል።

አባል፣ ላቦራቶሪ

በዚህ ከተስማማን የኔን ክፍል ልጨምር። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በማንሳፈፍ አይገኝም፣ በማዝቀጥ ነው የሚታየው። የሳንባ ትል እጭ ደግሞ ትኩስ በጠጥ ይፈልጋል። በጠጡን በስስ ጨርቅ ቋጥረን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስናንጠለጥለው እጩ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። የጨጓራና የአንጀት ትሎች እንቁላል አብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሚመስል አሳድገን እጩን ማየት አለብን። ስለዚህ በጀቱ ላይ የበረዶ ሣጥንና የመኪና ኪራይ ይቅደም። ናሙናው በዚያው ቀን ጅማ ካልደረሰ እንቁላሉ መንገድ ላይ ይፈለፈላል።

ትልቁ ጭንቀቴ ድኩላው ነው። በጠጡ ከፍየል በጠጥ ጋር ይመሳሰላል። ጨፌው ላይ ከሰበሰብን የማንን እንደመረመርን አናውቅም። ፍየል የማይገባበት ደን ውስጥ፣ ዱካ ከሚያውቁ የደን ጠባቂዎች ጋር ብቻ እንሰብስብ። እንስሳውን መያዝም መንካትም የለብንም። የደን መግቢያ ፈቃዱን ግን ከአሁኑ እንጠይቅ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስድ ነው።

ጸሐፊ

ተስማምተናል መሰለኝ። ዓላማው እንዲህ ተስተካክሏል፦ «በጅማ ዞን በሦስት ከፍታዎች፣ ማለትም በደዶ ደጋ፣ በወይና ደጋና በጊቤ ዳር፣ የበግና የከብት የውስጥ ጥገኛ ትል መተላለፊያ ወቅት በየወሩ መመዝገብ፤ በደን ዳር ያለውን ድኩላ በጠጥ በመመርመር ትሉ ከከብት ጋር የጋራ መሆኑን ማጣራት፤ የእያንዳንዱን ናሙና ውጤት በሁለት ሳምንት ውስጥ በአካባቢው ቋንቋ ለባለቤቱ ማሳወቅ፤ ትል የተገኘበትን የደከመ እንስሳ ማከም።»

የመድኃኒቱ መስመር ለታመሙት ብቻ ተቀንሶ ቀሪው ወደ ትራንስፖርት ዞሯል። ገንዘብ ያዥ ሂሳቡን እንደገና ትሠራዋለች። የዩኒቨርሲቲውን የእንስሳት ሕክምና ክፍል ላቦራቶሪ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ዶክተር ይጻፍልን።

አባል፣ ከደዶ

የውጤቱ ነገር ስለገባ ደስ ብሎኛል። ሰዉን እኔ አነጋግራለሁ። ናሙና የምትወስዱበት ቀን ግን ከገበያ ቀን ጋር አይጋጭ፤ በጎቹን የሚጠብቁት ልጆች ብቻ ይሆናሉ። ጠዋት በማለዳ፣ ከበረት ሳይወጡ ድረሱ።