ክርክር፦ የገጠር በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ተከላካይ ለየትኛው ጥሪ ይውጣ?

የሚኒሶታው በጎ ፈቃደኛ፦ ቀን ሥጋ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ በምኖርባት ትንሽ የገጠር ከተማ ደግሞ አራት ዓመት በእሳት አደጋ ተከላካይነት በነፃ አገልግያለሁ። ባለፈው ክረምት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአደጋ ጥሪ መቀበያዬ (ፔጀሬ) ጮኸ። አንድ አዛውንት አልጋቸውና ግድግዳው መካከል ወድቀው መነሳት አቅቷቸዋል። አምስት ሆነን ሄድን፤ ምንም አልሆኑም፤ አንስተን አስተኛናቸው። ገና ከደጃፋቸው ሳንርቅ ሁለተኛው ጥሪ መጣ፦ የከብት በረት እየነደደ ነው። የውኃ ቦቴው ጣቢያ ቆሟል፤ ሾፌሩ እኛው ጋር ነው። ስንደርስ ጣሪያው ወርዶ ነበር። የላሞቹ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በአሜሪካ ከሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሁለቱ ያህል በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከሚወጡባቸው ጥሪዎች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሕክምና ነው፤ እሳት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። እኔ የምለው፦ ጉዳት ለሌለበት ውድቀት እኛን መጥራት ይቁም። ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ለዚያ ደመወዝተኛ ይቅጠር።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ስለ በረቱ ከልቤ አዝኛለሁ። ግን ጉዳት እንደሌለ ያወቅኸው ሄደህ ስላየኻቸው ነው። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ አዛውንት ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል። ልብ ቀጥ ካለ ደግሞ አንጎል ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። አምቡላንሱ ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ እያለ፣ ደረት የሚጫን ጎረቤት ካልደረሰ ማን ይደርሳል?

የቨርጂኒያው ተከራካሪ፦ በየሳምንቱ የሚደውል ሰው ይክፈል። ያኔ ጥሪው ይቀንሳል።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ይህን ነገር ቀስ ብለህ አስበው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቴኔሲ ውስጥ፣ ኦባዮን ካውንቲ፣ አንድ ገጠሬ በዓመት የሚከፈለውን 75 ዶላር አልከፈለም ተብሎ ቤቱ ሲነድ የሳውዝ ፉልተን ከተማ እሳት አደጋ አላጠፋለትም። እሳቱ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሲሻገር መጡ፤ ጎረቤቱ ከፍሎ ስለነበር የእርሱን ብቻ አጠፉ። ቤቱ ዓይናቸው እያየ ወደመ። እድርተኛ እንኳ መዋጮ አላገባህም ብሎ አስከሬን ሜዳ ላይ አይጥልም። ክፍያውን የሚፈራው ደግሞ ደኻው ነው፤ ደረቱን እያመመው ዝም ይላል።

የሚኒሶታው በጎ ፈቃደኛ፦ ጋሼ፣ በክፍያው ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ማንም ስልክ ለማንሳት ኪሱን መዳሰስ የለበትም። እህቴ ነርሷ ያለችውም እውነት ነው፤ “ይቁም” ያልኩትን አንስቻለሁ። ነገር ግን የሰው ቁጥር ችግሩ አለ። 1720 የሚባለው የበጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ተከላካዮች ብሔራዊ መመዘኛ ለገጠር ያስቀመጠው፣ ከአሥር የቤት እሳት ጥሪ በስምንቱ ስድስት ሰው በ14 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ነው። እኛ አካባቢ ከከተማዋ ሲወጣ የቧንቧ መስመር የለም። ቦቴያችን 7,500 ሊትር ይይዛል፤ አንድ ቱቦ በደቂቃ 500 ሊትር ሲረጭ በሩብ ሰዓት ያልቃል። ስለዚህ ተጣጣፊ የሸራ ገንዳ እንዘረጋለን፣ ቦቴው እዚያ ገልብጦ ወደ ወንዝ ይመለሳል፣ የጎረቤት ከተማ ቦቴም ይጠራል። ሾፌር ከሌለ ይህ ሁሉ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ስልክ ተቀባዩ ይጠይቅ፦ ይተነፍሳሉ? ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል? ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? መልሱ የሚያሰጋ ከሆነ ሁላችንም እንውጣ። ካልሆነ ሁለት ሰዎች የሕክምና ቦርሳ ይዘው በራሳቸው መኪና ይሂዱ፤ የቦቴው ሾፌር ከጣቢያው አይራቅ።

ነርሷ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሁለቱ ግን የልብ ማስነሻ መሣሪያ ይያዙ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሌሊቱን አስተካከልክ፤ ቀን ሁላችሁም ሥራ ላይ ስትሆኑስ?

የሚኒሶታው በጎ ፈቃደኛ፦ ቀን ከተማዋ ውስጥ የሚቀሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው 67 ዓመቱ ነው። ካውንቲው ደመወዝተኛ ይቅጠር ያልኩትን ያላነሳሁት ለዚህ ነው።