ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ብንገባ ያዋጣናል? (ጥያቄና መልስ)

የጀሞው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ። አከራያችን "ወይ ጨምሩ፣ ወይ ቤቱን ልቀቁልኝ" ብለውናል። አሁን የምንከፍለው ራሱ የገቢያችንን ግማሽ ይበላል። የባለቤቴ ታናሽ እህት ሐዋሳ ነው ያገባችው። "ኑ እዚህ፣ እንደ ሰው ትኖራላችሁ" እያለች ትወተውተናለች።

እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ሥራውን ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው፤ ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ትልቁ ልጃችን አራተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ኬጂ ናት። እናቴ የልብ ክትትል አላት። በ2005 የተመዘገብንበት 20/80 ቤትም አለ፤ እየቆጠብን ነው፣ ዕጣው ገና አልደረሰንም።

ሁለተኛው ሐሳባችን አዳማ ነው፣ ለቅርበቱ ብለን። ሐዋሳን የማውቃት ለሽርሽር ብቻ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ መመለስና መኖር ይለያያል። እዚያ ያላችሁ፣ ኖራችሁም የተመለሳችሁ፣ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

የታቦር ልጅ

ወንድሜ፣ ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። አዲስ አበባ ተምሬ፣ ጥቂት ሠርቼ፣ ተመልሼ ገብቻለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ለከተማዬ አዳላለሁ ብለህም ጠርጥረኝ።

የምታተርፈው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው፣ በባጃጅ ከዳር ዳር ብዙ አይፈጅብህም። ምሳዬን ቤቴ እበላለሁ። ልጄን ራሴ አድርሼ ራሴ እመልሳለሁ። የታክሲ ሰልፍ የሚባለውን ረስቼዋለሁ። ማታ ከልጆች ጋር ሐይቅ ዳር ወክ ማድረግ ወጪ የለውም።

ቤትን በተመለከተ ግን "ክፍለ ሀገር ርካሽ ነው" ብለህ አትውረድ። ሐይቁ አካባቢና ፒያሳ ዙሪያ ዋጋው የተቆረጠው ለእንግዳ ነው። ወደ አላሙራና ወደ ቱላ አቅጣጫ ስትወጣ ይቀንሳል። እዚያ ደግሞ ስለ ውኃ ጠይቅ። በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ግቢው ሮቶ አለው? አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቅ። ሐይቁ አጠገብና ረባዳ ቦታ ላይ ያለ ቤት ከሆነ በክረምት ሄደህ እይ። በጋ ላይ ያማረ ግቢ ሐምሌ ላይ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ነገር አለ። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛዋል። ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው ከድድ ሥር ገና እየተሠራ ሳለ ይህን ውኃ ለዓመታት ከጠጡ ጥርሳቸው ይበልዛል። ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም። የግቢ ጉድጓድ ያለው ቤት ከተከራያችሁ ለልብስና ለዕቃ ተጠቀሙበት፤ ለመጠጥ የቧንቧውን ውኃ ያዙ፣ ምንጩንም ጠይቁ። ትንሿ ልጅህ ኬጂ ስለሆነች ነው ይህን አጥብቄ የምነግርህ።

ኢንተርኔት አያሳስብህ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም አሉ። የሚያስቸግረው መብራት ነው። ሲሄድ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይቆያል። ጥሩ ዩፒኤስና ተጨማሪ የላፕቶፕ ባትሪ ይዘህ ና።

አዳማ ነኝ

አዳማን እኔ ልንገርህ፣ አጭር ነው። የፍጥነት መንገዱ ከ2007 ጀምሮ አለ፣ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪና ላለው ሰው ቅርብ ነው። "እየተመላለስኩ እሠራለሁ" የሚለው ሐሳብ ግን በወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። መንገዱ ያፈጥንሃል፤ ቃሊቲ ስትደርስ ግን ያው የአዲስ አበባ ሰው ነህ። የቤት ኪራይም ለአዲስ አበባ ስለቀረብን አብሮ ይወጣል። ሙቀቱ ደግሞ ለእናትህ ይከብዳል። በሳምንት አንዴ ደንበኛ ማግኘት ግዴታህ ከሆነ አዳማ ይሻልሃል፤ አለበለዚያ ሐዋሳ።

ተመላሽ

እኛ ሐዋሳ ኖረን ተመልሰናል። ከተማዋን አልወቅስም፣ ዛሬም እናፍቃታለሁ። ያስመለሰን ሒሳቡ ነው።

አየህ፣ ኪራይ ቀነሰልን ብለን ደስ አለን። ከዚያ ሕይወታችን አዲስ አበባ መቅረቱን አየን። የአጎት ልቅሶ፣ የአክስት ልጅ ሰርግ፣ የክርስትና ጥሪ፣ ሁሉም አዲስ አበባ ነው። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ፈጣን መንገዱ ቢያቀልልህም፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔን አልፈህ ስትገባ ቀኑ አልቋል። ቤተሰብ ይዘህ ስትመላለስ የቆጠብከው የቤት ኪራይ የትራንስፖርት ሆኖ ይወጣል። ልቅሶ ሳትደርስ ቀርተህ "ራቀ" ስትባል ደግሞ ሌላ ሕመም ነው።

ዕድሩንም አስብ። እናትህ አዲስ አበባ ዕድር ካላቸው የስንት ዓመት መዋጮ ነው ያስቀመጡት! ሐዋሳ ስትገባ አዲስ ዕድር መግቢያ ይጠይቅሃል፣ ሰዉም ገና አያውቅህም። የድሮውን አታቋርጥ። ወርሃዊውን የሚከፍልልህ ጎረቤት ፈልግ፤ ለዕድሩ ዳኛም ሳትደብቅ ንገራቸው።

ደንበኛ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የኔ ሥራ ካንተ ይቀራረባል። ነባሮቹ ደንበኞች በቴሌግራም አብረውኝ ቀጠሉ። አዲስ ግን አላገኘሁም። አዲስ አበባ እያለሁ ሥራ የማገኘው ቡና ላይ ነበር ለካ፣ ሰው ሰውን እያስተዋወቀኝ። ሐዋሳ ሆቴሎች፣ ዩኒቨርሲቲውና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች አሉ፤ ከእነሱ ጋር እስክትለማመድ ግን ስንቅ ያስፈልግሃል። ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ ሳትይዝ እንዳትሄድ።

እናት ነኝ

ልጄ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ጤና ልንገርህ፤ ወንዶቹ ዘለሉት።

ሐዋሳ ከ2012 ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው። በከተማው በአማርኛ ተግባብተህ ትኖራለህ፣ ገበያም ቢሆን ችግር የለም። ልጅህን ስታስመዘግብ ግን ትምህርቱ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ አስቀድመህ ጠይቅ። የኔ ልጆች ቋንቋውን ከጎረቤት ልጆች ጋር በጨዋታ ለመዱት፤ አሁን ገበያ ይዤያቸው ስሄድ እነሱ ናቸው የሚከራከሩልኝ። አራተኛ ክፍል ያለው ልጅህ መጀመሪያ ላይ ይከብደው ይሆናል። በዓመቱ መሐል አታንሳው፣ ክረምት ላይ ይሁን።

ጎረቤት ስትሆን በዓላቸውንም አክብር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ፣ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ልጆቹን ይዘህ ውጣ። በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንግዳነትህ ይቀንሳል።

ወባ አለ። አዲስ አበባ ላደገ ልጅ አዲስ ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ይብሳል። አጎበር ለሁሉም አልጋ ይኑር። ልጅ ሲያተኩሰው "ብርድ መትቶት ነው" ብለህ አትጠብቅ፤ ያኑ ቀን ደሙን አስመርምር።

ሕግ ቢጤ

የሁሉንም አነበብኩ፤ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። አንተ የምትሄደው ሐዋሳን ወደህ ነው ወይስ አከራይህን ሸሽተህ?

አከራዩን ሸሽተህ ከሆነ ቆም በል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በወረዳ መመዝገብ አለበት። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቅድም። ጭማሪም አከራዩ እንዳሰኘው ሳይሆን ከተማ አስተዳደሩ በዓመት አንዴ በሚያስታውቀው ጣሪያ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ውላችሁ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ ነገ ወረዳ ሂድ። አከራይህን ክሰስ ማለቴ አይደለም፤ ወረዳው የሚለውን ሰምተህ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ጊዜ ታገኛለህ። ክልል ላይ ይህ አዋጅ የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው፤ ሐዋሳ ላይ ስትከራይ ይህን ጠይቀህ ተዋዋል።

ሁለተኛው 20/80 ነው። ይህን እንደ ቀላል እንዳታየው። ምዝገባው ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። መሸኛ አውጥተህ ስትሄድ የወረዳ ነዋሪነትህ ይዘጋል። ከ2005 ጀምሮ የቆጠብክበትን ዕድል በአንድ ደብዳቤ ልታጣው ትችላለህ። መሸኛ ከመጠየቅህ በፊት የቤቶቹን ጽሕፈት ቤት በግልጽ ጠይቅ፦ "ለሥራ ክልል ብሄድ ምዝገባዬ ምን ይሆናል?" በል። መልሱን በደላላ አፍ ሳይሆን ከቢሮው ስማ። ቁጠባውንም አታቋርጥ።

የጀሞው (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ውላችን አልተመዘገበም፣ እሱን ሰኞ እሄድበታለሁ። "ሸሽተህ ነው ወይ" የሚለው ነካኝ። ግማሽ ግማሽ ነው፤ ባለቤቴ ከልቧ ትፈልጋለች፣ እኔ ነኝ የማመነታው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የባለቤቴ ዝውውር ይቻላል? ለእናቴ ክትትልስ ሐዋሳ ይበቃል?

መምህር

ከከተማ አስተዳደር ወደ ክልል መዛወር እንደ ክፍለ ከተማ ዝውውር አይደለም። ሁለት የተለያዩ ቀጣሪዎች ናቸው። ለቃቂውም ተቀባዩም መስማማት አለባቸው፣ ክፍት መደብ መኖር አለበት፣ ቋንቋውም ይጠየቃል። ወደ አዲስ አበባ መምጣት የሚፈልግ ተቀያሪ ማግኘት መንገዱን ያቀለዋል ይባላል፤ እሱም ቢሆን በቢሮዎቹ ፈቃድ ነው። ባለቤትህ የአማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ መምህርት ከሆነች የግል ትምህርት ቤቶች ሊወስዷት ይችላሉ። ግን የመንግሥት ሥራዋን ለቅቃ ከመሄዷ በፊት የአገልግሎት ዘመኗንና የጡረታ መዋጮዋን የሚያሳይ ማስረጃ በእጇ ይግባ። ሥራ ሳታገኝ "እዚያ ሄጄ እፈልጋለሁ" እንዳትል። በፋብሪካ በኩል አገኛለሁ የሚል ካለም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2008 ጀምሮ ቢኖርም ለመምህር ደመወዝ የሚጠጋ ነገር ብዙ አይጠብቅ። ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ የአጎዋ ዕድል ከተዘጋ ወዲህ ሥራቸውን ያጡም አሉ።

ነርሷ

ለእናትህ፦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ የግልም አሉ። መደበኛ ክትትል ይቻላል። ጥያቄው የምትወስደው መድኃኒት ነው። ደም የሚያቀጥን፣ ዋርፋሪን የሚባለውን ከሆነ የምትወስደው፣ የደም ምርመራ በየጊዜው ማድረግ ግዴታ ነው፤ የሚሠራበትን ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። አሁን የሚያያትን ሐኪም ሙሉ የሕክምና ማጠቃለያ አስጽፉት፤ የልብ አልትራሳውንድ ውጤቱን ጭምር። ካርዷ አዲስ አበባ ቀርቶ ባዶ እጇን የመጣች ታካሚ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። የሁለት ወር መድኃኒት ይዛ ትምጣ።

የታቦር ልጅ

አንድ ሐሳብ አለኝ። ሁላችሁም በአንዴ አትምጡ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ባለቤትህና ልጆቹ እህቷ ቤት ይክረሙ። አንተ መመላለስ ሞክር፤ ሥራህ ከዚህ ሆኖ ይሄድ እንደሆነ ታየዋለህ። ቤትም የምትፈልጉት ያኔ ነው። ብቻ በሐምሌ 19 ሰሞን አትምጣ፣ ለገብርኤል ንግሥ ከተማው ይጨናነቃል፣ ደላላውም ዋጋውም አይቀመሱም።

የጀሞው (ጠያቂ)

ይህ ተስማምቶኛል። ባለቤቴም እሺ ብላለች። ለክረምት ሙከራ እንሄዳለን፤ መሸኛም ሆነ ሥራ መልቀቅ ገና ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ነገሩ ተሳክቶ ዕቃ መጫን ቢመጣ ዋጋው እንዴት ነው?

ሾፌሩ

ዕቃ ማጓጓዝ ከኔ ስማ። "ሐዋሳ ድረስ ጫንልኝ" ብለህ ከሰፈርህ መኪና ከያዝክ የደርሶ መልስ ነው የምትከፍለው። ከደቡብ አቮካዶና ሙዝ ጭነው ኃይሌ ጋርመንት ገበያ የሚያራግፉ አይሱዙዎች አሉ፣ ከጀሞ አፍንጫህ ሥር። ብዙዎቹ ሲመለሱ ባዷቸውን ናቸው። ማለዳ ሄደህ ሾፌሩን ራሱን አነጋግር፣ ደላላ አታስገባ። ሸራ መኖሩን እይ፣ ፍሪጁ ቆሞ ይጫን፣ ታርጋውን ፎቶ አንሳ። ዋጋውን ሻሸመኔ ደርሶ "ጨምር" እንዳይልህ ከመነሳቱ በፊት ጨርስ፤ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን ዕቃው ሲወርድ ስጠው።