ቤትን ከብስክሌት ኋላ መጎተት፦ ብልኃት ወይስ ትርፍ ሸክም?

አስተባባሪ፦
እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚህ እንቀጥለው። ላልነበራችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ እዚሁ ኔዘርላንድ ውስጥ ከዩትሬክት ተነሥተን በአራት ቀን ዜላንድ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ አስበናል። ጋሼ ደግሞ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ማደሪያ ከሰው እጅ ገዝተዋል። ውስጡ አንድ ሰው የሚያስተኛ አልጋ አለው፤ ባዶውን 45 ኪሎ ይመዝናል። ከኤሌክትሪክ ብስክሌታቸው ኋላ ቀጥለው ይዘውት ሊመጡ ነው። ግማሻችን "እሰይ" ብለናል፤ ግማሻችን "ሁላችንንም ሊያዘገየን ነው" ብለናል። እንዲህ ያለ ተጎታች በጠባቡ የብስክሌት መንገድ ላይ ጭራሽ ሊፈቀድ አይገባም ያለም አለ። እንግዲህ ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም? ተናገሩ፤ ጋሼን ግን አንቱ እያላችሁ።

ጋሼ፦
አንቱታው ይቅርብኝና እንቅልፌን ተዉልኝ። ዕድሜዬ 61 ነው፤ ወገቤ ደግሞ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ባለፈው በጋ ከእናንተው ጋር በድንኳን ወጥቼ፣ በሦስተኛው ሌሊት ውኃው ከሥር ገባ። ጠዋት ለመቆም መጀመሪያ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን፣ በመጨረሻም የገበሬውን አጥር መያዝ ነበረብኝ። አይታችሁ ስቃችኋል፤ አልተቀየምኩም።

ይህችን ማደሪያ የሠራት አንድ ጡረተኛ አናጢ ነው። ግድግዳዋ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው፤ መስኮቷ አክምባሎ ታክላለች። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ አንድ ሌሊት አደርኩባት። ሲነጋ በሯን ከፍቼ፣ እግሬን ወደ ውጭ ዘርግቼ፣ ደጃፏ ላይ ቡታጋዝ ለኩሼ ጀበና ጣድኩ። ዝናቡ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ርቆ ይወርዳል፤ ማዶ ላሞች ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆመዋል። ይህን ለማግኘት ቀን ላይ ትንሽ ባልበኝ ምን ይለኛል? የእብድ ሥራም እንዳይመስላችሁ። ዴንማርክ ውስጥ ዋይድ ፓዝ የሚባል፣ ለሁለት የሚታጠፍ የብስክሌት ማደሪያ እየተሠራ ይሸጣል፤ ክብደቱም ያው 45 ኪሎ ገደማ ነው።

ዳገት ቆጣሪ (ከሽቱትጋርት)፦
ጋሼ፣ ከማለዳ ቡናዎ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከቡናው በፊት ካለው ቀን ጋር ነው። እርስዎ 80፣ ብስክሌቱ 15፣ ማደሪያዋ 45፣ ጓዙ 20 ቢሆን በድምሩ 160 ኪሎ ነው። ስፖርተኛ ያልሆነ ጤነኛ ሰው ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚያወጣው ኃይል 100 ዋት አካባቢ ነው። በሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በዚህ ኃይል በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል። በድንኳን ብቻ የወጣ ሰው ደግሞ 20 ገደማ ይሄዳል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አፌን ዘግቼ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

ዳገት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በ100 ሜትር ርቀት 6 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ በመኪና ሲኬድበት ልብ እንኳን አይባልም። በዚያ ላይ 160 ኪሎ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ወደ 94 ኒውተን (ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት) ነው፤ የጎማው ሰበቃ ሲታከልበት በ100 ዋት የሚገኘው ፍጥነት በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል አይሞላም። በእግር የሚሄድ ሽማግሌ ያልፍዎታል። በዚያ ፍጥነት ብስክሌት ሚዛኑን ስለማይጠብቅ ወርዶ መግፋት ነው።

ሞተር አለኝ ይሉኛል። በአውሮፓ ሕግ የተራው ኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር 250 ዋት ነው፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስም እገዛውን ያቆማል። ለዳገቱ ጉልበቱ ይበቃል፤ የማይበቃው ባትሪው ነው። 160 ኪሎ ወደ 1000 ሜትር ከፍታ ማውጣት ብቻውን 436 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ብስክሌት ላይ ያለው ባትሪ የሚይዘው 500 ዋት ሰዓት ነው። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲቀነስበት ባትሪው ብቻውን ተራራውን አይጨርስም። እኔ ባለሁበት አካባቢ 1000 ሜትር መውጣት የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ጋሼ፦
ልጄ፣ የምንሄደው ዜላንድ ነው እንጂ አልፕስ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ያለው የኔዘርላንድ መሬት ከፍተኛው ጫፍ ቫልስ አጠገብ ያለው 322 ሜትር ኮረብታ ነው። እርሱም በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ ነው። ሆላንዶች "ተራራ" ሲሉት ሰምቼ እኔ የመንዝ ልጅ ፊቴን አዙሬ ሳቅኩ።

የሌሊስታዷ፦
ጋሼ፣ ሆላንድ ዳገቷ ነፋሷ ነው። ባለፈው ዓመት ቤት ስቀይር ረጅም ሳጥን ያለው ተጎታች ተውሼ ከሌሊስታድ ወደ ኤንክሃውዘን በሚወስደው ግድብ ላይ ሄድኩ። መንገዱ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራና ቀኙ ውኃ ነው፤ የሚያስጠልል አንዲት ዛፍ የለም። የፊቱን ነፋስ እንደምንም ቻልኩት። ያስጨነቀኝ የጎኑ ነበር። ነፋሱ ረገብ ሲል እኔ ወደ ነፋሱ ጋድዬ ስለነበር ብስክሌቱ ወደዚያው ይዞኝ ይሄዳል፤ መልሶ ሲመጣ ሳጥኑ የኋላ ጎማዬን ይዞ ወደ ሣሩ ይጎትተኛል። ሁለት ሰዓት ሙሉ መሪውን አንቄ ይዤ ሄድኩ፤ ማታ ማንኪያ ማንሣት አቃተኝ። ተጎታቹ ውስጥ የነበረው የትራስና የብርድ ልብስ ጓዝ ነው፤ ክብደት እንኳን አልነበረውም።

ዳገት ቆጣሪ፦
ለዚህም ቁጥር አለ። የማደሪያዋ ጎን ሁለት ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ወደ 120 ኒውተን ይገፋታል። የ12 ኪሎ ያህል ግፊት ከጎን መጣ ማለት ነው። ይህ ማዕበል አይደለም፤ በባሕር ዳርቻ የተለመደ ቀን ነው። መንገዳችንም በዚያው በዜላንድ በኦስተርስኬልደ ግድብ በኩል ያልፋል። ሆላንዶች ማዕበል ሲነሣ የተቃራኒ ነፋስ የብስክሌት ሻምፒዮና የሚያካሂዱት እዚያ ላይ ነው፤ ማርሽ በሌለው ብስክሌት! ውድድር አድርገውታል ማለት ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

ድንኳን ይበቃል፦
ቀንድ አውጣ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ነገር ግን ዜላንድ በአራት ቀን እደርሳለሁ ብሎ አያውቅም።

የሮተርዳሟ እናት፦
ቀልዱ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ከንክኖኛል። "በብስክሌት መንገድ ላይ አይፈቀድ" ያለው ማን ነው? ሁለት ልጆቼን ከፊት ሣጥን ባለው ብስክሌት ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን "መንገዱን ሞላሽው" ያላለኝ አልነበረም። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ከእንዲህ ያለው ብስክሌት ሌላ የሚታይ የለም። መንገዱ ቀጭን ብስክሌት ላላቸው ጎረምሶች ብቻ የተሠራ ነው እንዴ?

ሕጉም ቢሆን ተናግሯል። ኔዘርላንድ ውስጥ ተጎታቹ ከነጭነቱ ከ75 ሳንቲ ሜትር ከሰፋ ብስክሌተኛው በመኪናው መንገድ መሄድ ይችላል፤ ይችላል እንጂ ይገደዳል አይልም። ከከተማ ውጪ ግን ያ መንገድ መኪና በ80 የሚበርበት ነው። ጋሼን እዚያ ላይ አውጡልን የምትሉ እናንተ ራሳችሁ ትወጣላችሁ?

ከእርስዎ ጋርም ጉዳይ አለኝ ጋሼ። መኪና እንዳይገባ በብስክሌት መንገዱ መግቢያ ላይ የሚተከሉትን ምሰሶዎች ለክተዋቸዋል? እኔ ለክቻቸዋለሁ፤ በክርኔ። ምሰሶ ባለበት ቦታ አንድ ስንዝር ከሳቱ ተጎታቹ ይሰካል፤ እርስዎ ግን ቀድመው አልፈዋል። በዚያ ላይ ከኋላ የሚመጣ ሰው የማደሪያዋን ግድግዳ እንጂ ከፊትዎ የሚመጣውን አያይም። መብት አለ ማለት ስፋት አለ ማለት አይደለም።

ጣና ዳር (ከባሕር ዳር)፦
የእናንተን ክርክር እዚህ ሆኜ ሳነብ ቅናትም ሳቅም ይዞኛል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ከጥንት የቤት ዕቃ ነው። ጤፍም፣ ሲሚንቶም፣ ሰውም በኋላ መጫኛው ላይ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ጭነት ማንንም አይገድልም። ከከተማዋ ወጥታችሁ ወደ አዲስ አበባ ብታቀኑ ግን ደጀን ላይ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ተሻግራችሁ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። በዚያ ቁልቁለት ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ሲሸት በብስክሌት ያለፈ ሰው የምለውን ያውቃል።

ስለዚህ የማንሣው ጥያቄ ስለ መውጣት አይደለም። ወንድሜ ከሽቱትጋርት ስለ ዳገት ይህን ሁሉ ቆጥሮ ስለ ቁልቁለት ዝም ማለቱ ገርሞኛል። ጋሼ፣ ተጎታቿ የራሷ ፍሬን አላት?

ጋሼ፦
የላትም።

ዳገት ቆጣሪ፦
ተያዝኩ። ጣና ዳር ልክ ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው። ብስክሌቱ ሲያቆም 65 ኪሎ ከነጓዙ ማቆም አይፈልግም፤ ወደ ፊት ይገፋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግፊቱ ከኮርቻው ሥር ይሰማል። መታጠፊያ ላይ ግን የኋላውን ጎማ ወደ ጎን ይዞት ይወጣል።

የማስትሪክቱ፦
በእኔ የደረሰውን ልጨምር። ፋልከንበርግ ውስጥ ካውበርግ የምትባል አጭር ዳገት አለች፤ ቁልቁለቷ በአንዳንድ ቦታ 12 በመቶ ይደርሳል። ጥቅምት ላይ፣ ቅጠል መሬቱን በሸፈነበት ቀን፣ የልጆች ተጎታች ውስጥ 40 ኪሎ የሚሆን የገበያ ዕቃ ጭኜ ወረድኩባት። መሀል ላይ ድመት ገባችብኝና የኋላውን ፍሬን ያዝኩ። ጎማው ቆመ፤ ተጎታቹ ግን አልሰማም። በቀኝ በኩል ቀድሞኝ ሲመጣ በዓይኔ አየሁት። እኔ፣ ብስክሌቱና አሥር ኪሎ ሽንኩርት በሦስት የተለያየ አቅጣጫ ሄድን። ከኋላ ቸርኬዬ አራት ራጂ ተሰበረ፤ ድመቷ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሬን የሌለው ተጎታች ሲያልፍ ሳይ ቁርጭምጭሚቴ ያመኛል።

የሌሊስታዷ፦
ጋሼ፣ ተጎታቿ ስትገፋ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ይሠራላታል። መጎተቻው ክንድ ላይ ሞላ አለው፤ ተጎታቿ ወደ ፊት ስትገፋ ሞላው ተጨምቆ ሽቦውን ይስባል፤ ሽቦው የተጎታቿን ጎማ ይይዛል። በመኪና የሚጎተቱ ትልልቆቹም የሚሠሩት በዚሁ ነው። ደግሞ የብስክሌትዎን ወረቀት ያንብቡ። ብዙ አምራቾች የሚፈቀደውን የተጎታች ክብደት ይጽፋሉ፤ ፍሬን ላለውና ለሌለው ለየብቻ የሚጽፉም አሉ።

ድንኳን ይበቃል፦
ወጪው ተደመረ እንግዲህ። ማደሪያዋ፣ ፍሬኗ፣ ሁለተኛ ባትሪ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው? "ደስ ባለኝ ቦታ ቆሜ አድራለሁ" ለማለት ከሆነ ኔዘርላንድ ውስጥ አይቻልም። ከካምፒንግ (ለድንኳንና ለተጎታች ከተከለለ ማደሪያ ቦታ) ውጪ ማደር በአጠቃላይ ክልክል ነው፤ ቅጣት አለው። ካምፒንግ መግባት ካልቀረ ድንኳንም እዚያው ያድራል። ወገብ ያመመው ሰው ደግሞ ለብስክሌተኞችና ለእግረኞች ቤታቸውን የሚከፍቱ ቤተሰቦች አሉለት፤ "የብስክሌት ወዳጆች" በሚለው ማኅበር በኩል በትንሽ ክፍያ አልጋና ቁርስ ይሰጣሉ። ጋሼ፣ እውነተኛ ፍራሽ ላይ ይተኙ!

ጋሼ፦
እርሱንም ሞክሬዋለሁ፤ ደጎች ናቸው። ነገር ግን ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ሳል ሲነሣብኝ በሰው ቤት ደረጃ ላይ በእግር ጣቴ መሄድ አልወድም። የራሴ በር ቢኖረኝ ብዬ እንጂ ፍራሽ አጥቼ አይደለም። ይህ በዋት አይቆጠርም።

የሮተርዳሟ እናት፦
ይህማ ለእኔም ይገባኛል። በቀን ከ45 ኪሎ ሜትር ካልበለጠ፣ ነፋሱ ከበረታ ቀኑን ቆመው ካሳለፉ፣ እኔ ከኋላዎ እሆናለሁ። ግድብ ላይ ግን በነፋስ ቀን አይወጡም፤ ይህን በአፍዎ ይበሉልኝ።

አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ምን ይላሉ? ዕቅዳችን በቀን 55 ነው። ቡድኑ ለሁለት ይከፈል ወይስ ቀን ይጨመር?

ጋሼ፦
ትናንት ማታ ሜትር ይዤ ወጣሁ። ማደሪያዋ ጎማዋን ጨምሮ 98 ሳንቲ ሜትር ናት። ከሰፈሬ እስከ ቦዩ ድልድይ ድረስ ሦስት ቦታ ምሰሶ አለ፤ አንዱ ላይ በግራና በቀኝ የሚተርፈኝ አራት አራት ጣት ነው። የሮተርዳሟ፣ አመሰግናለሁ፤ ባትነግሪኝ ኖሮ እዚያው ተሰክቼ እቀር ነበር። ፍሬኑን የሚሠራልኝ አግኝቻለሁ፤ እስኪያልቅ ድረስ ከግቢ አላወጣትም። ግድቡንም በነፋስ ቀን አልወጣም፤ ይኸው በአፌ አልኩ። እኔ በአምስት ቀን እደርሳለሁ፤ የቸኮለ ይቅደም።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። በሦስተኛው ሌሊት ዝናቡ ከሥር ሲገባባችሁ "ጋሼ፣ ቡና ደረሰ?" እያላችሁ ኮምፔርሳቶዬን ልታንኳኩ ትመጣላችሁ። በዚህ ክርክር ማን ምን እንዳለ በስም በስሙ ጽፌ ይዣለሁ።