ቀላል የካሜራ ቦርሳ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ በጀርባ የሚታዘል የካሜራ ቦርሳ ልገዛ ፈልጌ ግራ ገብቶኛል። የምሸከመው ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ፎር ካሜራ፣ 24-70 እና 70-200 ሌንሶች ነው፣ ሁለቱም ሌንሶች 2.8 (ብዙ ብርሃን የሚያስገቡት ከባዶቹ) ስለሆኑ ቦዲውና (ካሜራው ራሱና) ሌንሶቹ ብቻ 3 ኪሎ ያልፋሉ፣ ፍላሽ ቻርጀር ምናምን ሳይጨመር ማለት ነው። ፒያሳ ያየኋቸው ስፖንጃቸው አሪፍ ነው ግን ባዷቸውን ራሱ ይከብዳሉ፣ እኔ ደግሞ መኪና የለኝም ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም በእግሬ ነው የማስነካው፣ ታክሲ ከተገኘም ተጣብቤ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው የምሄደው። ዚፑ በጀርባዬ በኩል የሚከፈት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ሰልፍ ላይ ከኋላ የቆመ ሰው እንዳይከፍተው። የካሜራ ስም በትልቁ የተጻፈበትንማ አልፈልግም፣ ሌባ መጥራት ነው!

ጓደኛዬ ተራ የላፕቶፕ ቦርሳ ግዛና ውስጡ የሚገባውን ባለ ስፖንጅ መከፋፈያ ለብቻው ፈልገህ ክተትበት አለኝ። ክብደቱ እንደሚቀንስ ገብቶኛል፣ ግን ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ስለሌለው ክብደቱ ሁሉ ትከሻ ላይ አይወድቅም? እንደዛ የምትጠቀሙ ካላችሁ ሙሉ ቀን ሰርግ ስትሰሩ እንዴት ነው? መከፋፈያውንስ መርካቶ የት አካባቢ ልጠይቅ? ክረምት ሳይገባ መግዛት አለብኝ፣ የዝናብ ልብስ ያለው ከሆነማ በጣም አሪፍ።