ሽሪምፕና አትክልት በአንድ መጥበሻ፦ ውሃ የሚያቁርብኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ የምገባው መሽቶ ነው፤ እራት ለማድረስ ያለኝ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሽሪምፕ፣ ካሮት፣ የፈረንጅ ቃሪያና ዝኩኒ በአንድ መጥበሻ ልሥራ ብዬ ሦስቴ ሞከርኩ። ሦስቴም መጥበሻው ውሃ አቆረ፣ ዝኩኒው ልፍስፍስ አለ፣ ሽሪምፑ እንደ ጎማ ሆነ። ዘይቱን አግዬ ሁሉንም በአንዴ እጨምራለሁ፣ ጨው እነሰንሳለሁ፣ ከዚያ ከድኜ 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ትናንት ልጄ ሽሪምፑን እየለቀመች ወደ ሳህኗ ዳር ገፋችው። በጣም ከፋኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ

እህቴ፣ አይክፋሽ። እኔ በምግብ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይኼን ነገር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ክዳኑን ተይው። ዝኩኒ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ጨው ሲነካው ደግሞ ያንን ውሃ ይለቃል። ክዳኑ እንፋሎቱን መልሶ ያንጠባጥበዋል። መጥበሻው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ምግቡ ቡናማ ሆኖ እንዲጠበስ ግን 140 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ስትቀቅይው ነው የከረምሽው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሽሪምፑን አስቀድሚ። በፎጣ አድርቂው፣ በጋለ ዘይት ላይ ሳይደራረብ ዘርጊው። በአንድ ጎን አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ገልብጠሽ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ሳህን አውጪው። ትልልቅ ከሆነ ትንሽ ጨምሪለት። ቅርጹን እዪ፦ እንደ ማጭድ ሲታጠፍ በስሏል፤ ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ቀለበት ከሠራ አልፎበታል።

በዚያው መጥበሻ በቀጭኑ የተቆረጠ ካሮት አራት ደቂቃ፣ ቃሪያው ሁለት ደቂቃ፣ ዝኩኒው መጨረሻ። ዝኩኒውን ወፈር አድርገሽ ቁረጪው። ነጭ ሽንኩርት ቶሎ ስለሚያርና ስለሚመር የመጨረሻዋን ግማሽ ደቂቃ ጠብቂለት። ጨውም ያኔ ነው። ከዚያ እሳቱን አጥፊ፣ ሽሪምፑን ሳህኑ ላይ ከወጣው ጭማቂ ጋር መልሺ፣ ሎሚ ጨምቂበት። ያ ጭማቂ እንዳይደፋ አደራ፤ ጣዕሙ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሌላ መልስ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሽሪምፑን ስትገዢው ቀለሙ ምንድን ነው? ግራጫ ከሆነ ጥሬ ነው። ሮዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተቀቀለ ነው፤ እሱን መጥበስ አያስፈልግም፣ መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ ማሞቅ ይበቃዋል። ከፍሪዘር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በላስቲክ አሽገሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ በ20 ደቂቃ ይለቃል። ሙቅ ውሃ አትጠቀሚ።

ሌላ መልስ

እኔ ሽሪምፕ ሳጣ በዓሣ ፊሌቶ እሠራዋለሁ። ዓሣው ስለሚፈራርስ አላማስለውም። አትክልቱን ጠብሼ ወደ ዳር እገፋለሁ፣ ፊሌቶውን መሀል ላይ አስተኛለሁ፣ አንዴ ብቻ እገለብጣለሁ። በሹካ ስነካው በቀላሉ ከተላቀቀና መሀሉ ነጭ ከሆነ በስሏል።

ጠያቂዋ

ማሸጊያውን ከፍሪዘር አውጥቼ አየሁት። ሮዝ ነው! ለካ የተቀቀለውን ነው 10 ደቂቃ ስቀቅለው የነበረው። ዛሬ አትክልቱን ያለ ክዳን በየተራው ጠበስኩ፣ ሽሪምፑን መጨረሻ ላይ አሞቅኩት፣ ሎሚ ጨመቅኩበት። መጥበሻው ሥር የቀረች ውሃ የለችም። ልጄ የራሷን ጨርሳ ከእኔ ሳህን ሁለት ወሰደች። ካሮቱ ግን ትንሽ ጥሬ ሆነብኝ፤ ነገ ከዚህም አቅጥኜ እቆርጠዋለሁ። ጥሬውን ሽሪምፕ ሳገኝ ደግሞ የማጭዱን ነገር እሞክራለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።