ክርክር፦ የመረጥነው ሰው እጁን ለምን እንዳወጣ ሊነግረን ይገባል?

አወያይ፦ ሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ግብር የማይነካው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ለምን 2,000 ላይ ቆመ? የእኛ የፓርላማ ተወካይ ሲያስረዳ አልሰማሁም። ማስረዳት ግዴታው ነው ትላላችሁ?

የመርካቶው ልጅ፦ ምኑን ያስረዳል? ፓርቲው ወሰነ፣ እሱ እጁን አወጣ። አለቀ። እኛም ምልክቱን አይተን ነው የመረጥነው። እስቲ ማንንም ሳትጠይቅ የተወካይህን ስም ንገረኝ።

የሕግ ተማሪዋ፦ ሕገ መንግሥቱ ግን እንደዚያ አይልም። አንቀጽ 54ን እይ። የምክር ቤቱ አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ ነው። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። በሰጡት ድምፅ አይከሰሱም። መራጩ አመኔታ ካጣባቸው ደግሞ በሕግ መሠረት ሊነሱ ይችላሉ።

የመርካቶው ልጅ፦ እሺ፣ አመኔታ የማጣው ምን አይቼ ነው? ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ዜናው «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ይላል። ስንት ሰው እንደተቃወመና ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረገ ይቆጠራል፤ ስም ግን የለም። የእኔ ሰው የቱ ጋ እንዳለ ሳላውቅ ምን ብዬ ልያዘው?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ተወካያችን በክረምቱ እረፍት እኛ ወረዳ መጥተው ነበር። አዳራሹ የሞላው በጥሪ ነው። እኔም የገባሁት የዕድር ሰብሳቢ ስለሆንኩ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ፣ ትራንስፎርመር፣ ኮብልስቶን ብቻ። መልሱ ያው «ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» ነው። ስለ ግብሩ ብጠይቅ «መንግሥት አጥንቶት ነው» አሉኝ። ያጸደቁት እኮ እሳቸው ናቸው! ግን እኛም አለንበት። ተወካዩን የወረዳ ጉዳይ አስፈጻሚ አድርገነዋል። ሕግ አውጪ መሆኑን እኛ ከረሳን እሱ ለምን ያስታውሰናል?

የሜሪላንዷ፦ እዚህ በትልልቅ ሕጎች ላይ የኮንግረስ አባል ድምፅ በስሙ ይወጣል። ደውዬ ለምን እላለሁ። የሚመጣልኝ ግን «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» የሚል የተዘጋጀ ደብዳቤ ነው፣ አንዳንዴ ጥያቄዬን እንኳ ያላነበበ። ቢሆንም ድምፁን መካድ አይችልም።

የሕግ ተማሪዋ፦ እኔም የምለው ይኸው ነው። ስም ይመዝገብ።

የመርካቶው ልጅ፦ ስሙ ቢወጣ መጀመሪያ የሚያነበው ፓርቲው ነው። ያኔ ያቺ አንድ ሁለት ተቃውሞም ትጠፋለች።

ጡረተኛው መምህር፦ ፓርቲውማ አሁንም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ያያል። የማናየው እኛ ነን።

የመርካቶው ልጅ፦ ይቺን ተቀብያለሁ መምህር። 2,000ዋን ግን አሁንም ያስረዳኝ የለም።